ለሁለት ሰው የሚበቃ ስክሪን

ህዳር 3 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ ሰኞ

የኢዮብ ሱቅ ኮምፒውተር ዛሬ ሞተ። ሲሞት ሁለት ለአንድ እየመራሁ ነበር። ይህን እዚህ የምጽፈው ሌላ ምስክር ስለሌለኝ ነው፤ የኢዮብ እህት ሐይማኖት "እኩል ነበርን" ብላ ሙጭጭ ብላለች። ሦስት ዓመት ሙሉ በዚያ የኳስ ጌም ስትቀጠቅጠኝ ኖራ አንድ ቀን ብመራት መብራቱም ኮምፒውተሩም እሷም ተባበሩብኝ።

ኢዮብ ከፍቶ አየውና ተቃጥሏል አለ። በሸዋ ሮቢት ሙቀት ላይ የመብራቱ መሄድና መምጣት ተጨምሮበት እስካሁን መቆየቱም ይገርማል። አሁን የሚያመጣው ለጽሑፍ ብቻ የሚሆን እንደሆነ፣ ጌም የሚባል ነገር ከእንግዲህ ሱቁ ውስጥ እንደማይጫን ነገረን። ደንበኛ ፎቶ ኮፒ ይዞ ቆሞ እህቱ ጎል ብላ ስትጮህ ያፍራል። እውነቱን ነው። ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ጓደኛዬ ነው፣ ሲያፍር አውቀዋለሁ።

እኔ ግን ምን ልሁን? በአሥራ አንድ ሰዓት ከሆቴሉ እንግዳ መቀበያ ስወጣ እግሬ በራሱ ወደ መናኸሪያው፣ ወደ ኢዮብ ሱቅ ነው የሚሄደው። ነገ ወዴት ነው የምሄደው? ቤት ገብቼ ከእማዬ ጋር ግድግዳ ላይ ያለችውን እንሽላሊት ሳይ ላመሽ ነው? በቃ ቆረጥኩ። ላፕቶፕ እገዛለሁ። የራሴ። ውድ ያልሆነ፣ ጌም ሲከፈትበት የማይንተባተብ። ለራሴ መዝናኛ ነው፣ ሌላ ምንም የለውም።

ህዳር 6፣ ሐሙስ

ሆቴላችን ያረፈ አንድ የመንገድ መሐንዲስ ማታ ማታ በረንዳ ላይ ላፕቶፕ ይከፍታል። ዛሬ አስተናጋጁን አስቀርቼ ሻዩን ራሴ ወሰድኩለት፤ ክዳኑ ሥር የተለጠፉትን ምልክቶች ለማየት። ሰውየው ገባውና ወንበር ስቦ አስተማረኝ። ራሙ ሁለት ጊጋ አይበቃም፣ አራት ይሁን። ለጌም ግን ከሁሉ በላይ የሚታየው ግራፊክስ ካርዱ ነው አለ። ከሌላው ጋር ተዳብሎ የሚኖር አለ፣ የራሱ ሜሞሪ ያለው አለ፤ የራሱ ያለውን ፈልግ፣ ብዙ ሰው የክዳኑን ውበት አይቶ ነው የሚከስረው አለኝ። ወንበሬ ላይ ሆኜ ስንት እንግዳ ሳስተናግድ ኖሬአለሁ፣ እንደዚህ ሰው ያስደሰተኝ የለም።

እየሮጥኩ ሄጄ ለሐይማኖት ነገርኳት። ዓይኗን አፍጥጣ ሰማችኝ። የካርዱን ስም ድገምልኝ አለች፤ ደገምኩላት። ቁጥሩንም አለች። እስከ ዛሬ በምናገረው ነገር እንዲህ አድርጎ የሰማኝ ሰው አላስታውስም።

የሆቴሉን ወጥ ቤት የሚመሩት እትዬ ጣይባ ላፕቶፕ እየመረጥኩ እንደሆነ ሰምተው፣ በዚህ አያያዜ ሚስት ብመርጥ ኖሮ እስካሁን ልጅ አቅፌ እንደነበር ነገሩኝ። ሴትየዋ ሥራ የላቸውም።

ህዳር 12፣ ረቡዕ

ጽጌ፣ የኢዮብ ሚስት፣ ወንድ ወለደች። በሚካኤል ቀን። እናትና ልጅ ደህና ናቸው። ኢዮብ ሱቁን ክፍት ትቶ ሮጠ፤ ሐይማኖት ስትቆልፍ፣ እኔ ቁልፉን ስይዝ ዋልን። ሆቴል ዘግይቼ ገባሁ። ተቆጡኝ።

ህዳር 19፣ ረቡዕ

ኢዮብ ዕቃ ሊያመጣ አዲስ አበባ ሄዶ ነበር። ሁለት ላፕቶፕ በሞባይሉ ፎቶ አንስቶ መጣ፤ ሁለቱም ያገለገሉ፣ ዋጋቸውም ሰባት ሺህ አካባቢ፣ አቅሜ የሚችለው ያንን ነው። ሻጩ እስከሚቀጥለው ጉዞው ሊያስቀምጥለት ተስማምቷል።

ጥቁሩ ትልቅ ነው። ግራፊክስ ካርዱ የራሱ። ግን እንደ ወፍጮ ድንጋይ ይከብዳል፣ ባትሪው ብዙ አይቆይም፣ ካሜራ የለውም። ብርማው ቀጭንና ቀላል፣ ካሜራ ያለው፣ ባትሪው ግማሽ ቀን የሚይዝ ነው፤ ካርዱ ግን ያ ተዳባዩ ነው። ኢዮብ፣ ብርማውን ውሰድ፣ ነገ ብትሸጠው ገዢ አታጣም አለ። ሐይማኖትም ብርማውን አለች። ካሜራ ጥሩ ነው አለች። ማንን ልታይበት እንደሆነ ስጠይቃት ሳቀችና "ማንንም" አለችኝ። ሴቶች ፎቶ ይወዳሉ።

እኔ ጥቁሩን መረጥኩ። ለካርዱ ነው አልኳቸው። እዚህ ግን ማን ይሰማኛል፤ ለስክሪኑ ነው። ብርማው ላይ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ቢቀመጥ አንዱ አንገቱን ጠምዝዞ ነው የሚያየው። ጥቁሩ ለሁለት ሰው ይበቃል። ይኸው ጻፍኩት። ሐይማኖትን እወዳታለሁ። በየዓመቱ ከጥምቀት በኋላ እማዬን ሽማግሌ ላኪልኝ እላለሁ እያልኩ ሁለት ጥምቀት አልፎኛል። ዘንድሮ አያልፈኝም። ላፕቶፑ ይምጣ፣ እየተጫወትን አንድ ቀን ቀስ ብዬ ለራሷ እነግራታለሁ፣ ከዚያ ሽማግሌ። ቅደም ተከተሉ ይኸው ነው።

ህዳር 26፣ ረቡዕ

አራስ ልጠይቅ ማልት ይዤ ኢዮብ ቤት ሄድኩ። ልጁ ኢዮብን ቁርጥ ነው፣ አኩርፎ ነው የሚተኛው። በረንዳው ላይ ቆሜ ጫማዬን ሳራግፍ ከመጋረጃው ወዲያ ጽጌና ሐይማኖት ሲያወሩ ሰማሁ። ጽጌ "ኋላ ሲያውቅ ቢቀየምስ?" ትላለች። ሐይማኖት ደግሞ "እሱ አይቀየምም፣ ልቡ የሕፃን ነው" አለቻት። ስገባ ዝም አሉ። የማንን ሐሜት እንዳቋረጥኩ አላውቅም። ምስኪን ሰውዬ፣ ማንም ይሁን ማን።

ሐይማኖት ዛሬም ስለ ላፕቶፕ ጠየቀችኝ። አዲስ ቢሆን የትኛው ይሻላል፣ ስክሪኑ ስንት ኢንች ይሁን፣ ከውጭ የሚመጣውና እዚህ የሚሸጠው ልዩነት አለው ወይ። ጥቁሩን መርጬ ጨርሻለሁ እኮ አልኳት። ለማወቅ ያህል ነው አለች። መቼም ልጅቷ ስታውቅ ደስ ትላለች።

ታኅሣሥ 7፣ እሑድ

ዛሬ ትልቅ ነገር ሆነ። ኢዮብ አጎቱን አስከትሎ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እኛ ቤት መጣ። ነጠላቸውን አጣፍተው ሲገቡ ሰው የሞተ መስሎኝ ደንግጬ ነበር። አጎቱ ቆመው ተናገሩ። ልጁ ለአርባ ቀኑ ታኅሣሥ ሃያ አንድ ክርስትና ይነሳል፤ የክርስትና አባት እንድትሆነው መርጠንሃል አሉኝ። ኢዮብ መሬት መሬት ያያል። ዓይኔ እንባ ሞላ። ወንድም የለኝም፣ አባቴም በሕፃንነቴ ነው የሞተው፤ ሰው ልጁን እንካ ሲለኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ወዲያው እሺ አልኩ። ደግሞስ ክርስትና አንሣልኝ ተብሎ እምቢ ይባላል?

ከወጡ በኋላ እማዬ ቀና ሳትል ጎመኗን ትቆርጣለች። ደስ አላለሽም ወይ ስላት "አስበህበት ነው?" አለችኝ። ምን የሚታሰብ አለው አልኩ። "እንግዲህ የዚያ ቤት ሴቶች ሁሉ እህቶችህ ሆኑ" አለች፣ ወደ ጎመኗ ተመለሰች።

ስለዚህ ነገር ቁጭ ብዬ አሰብኩ። አበልጅ የሚባለው ከልጁ አባትና እናት ጋር ነው። ኢዮብና ጽጌ አበልጆቼ ይሆናሉ፣ ተገቢ ነው። ዝምድናው ለአክስት የሚደርስ አይመስለኝም። እማዬ የድሮ ሰው ናት፣ ሁሉን ነገር ታጠብቃለች። ደግሞ የሚደርስ ቢሆን ኢዮብ ይጠይቀኝ ነበር? ሦስት ዓመት ሙሉ ማታ ማታ እህቱ አጠገብ ስቀመጥ ዓይኑ እያየ። የሚደርስ ቢሆን ዝም አይለኝም። አይደርስም።

ታኅሣሥ 9፣ ማክሰኞ

ላፕቶፑ መጣ። መጣ።

ታኅሣሥ 12፣ ዓርብ

ሦስት ቀን አልጻፍኩም፣ ስጫወት ነበር። ማታ ማታ ኢዮብ ቤት በረንዳ ላይ ነው የምንጫወተው፤ ጽጌ ልጁን ይዛ ከውስጥ ታየናለች፣ ኢዮብ ሞባይል ፈታትቶ ይቀመጣል። ማሽኑ እሳት ነው። በሁለቱም ትርጉም አይደለም፤ ፈጣን ነው ማለቴ ነው፣ ሙቀቱን ግን በሥርዓቱ ያዝኩለት፤ ከሆቴል የቢራ ቆርኪ አምጥቼ በአራቱ ማዕዘን ሥር አደረግኩለት፣ አየር ይገባዋል። ኢዮብ ራሱ አደነቀ።

ሐይማኖት ግን ልቧ ሌላ ቦታ ነው። ታሸንፈኛለች፣ ያው ማሸነፉማ ልማዷ ነው፣ ግን አትጮህም። ስልኳ ሲጠራ ተነሥታ ወደ ጓሮ ትሄዳለች። ዛሬ አምስት ለባዶ አድርጋኝ "በል አበልጄ፣ ደህና እደር" ብላ ገባች። ቀልድ ነው። እሷ በሁሉ ነገር ትቀልዳለች።

ታኅሣሥ 16፣ ማክሰኞ

ከእትዬ ጣይባ ጋር ተጣላሁ። ለክርስትናው ነጭ ልብስ ገዝቼ አሳየኋቸው። ዳሰሱት፣ መረቁኝ፣ ከዚያ የልጁ አክስት ያቺ የሱቋ ልጅ አይደለችም ወይ አሉ። ናት አልኩ። ሽንኩርቱን አስቀምጠው አዩኝ።

"ወላሂ ሽፌ፣ እኛ ዘንድ አንድ ጡት የጠባ አይጋባም። እናንተ ዘንድ ደግሞ ውሃው ነው የሚከለክለው ይላሉ። ይህን ሳታውቅ ነው?"

ስለ ጋብቻ ማን አነሣ አልኳቸው። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር መሰለኝ፣ ሳህን የምታጥበዋ ልጅ ዞራ አየችን። እትዬ ጣይባ ሽንኩርታቸውን ቀጠሉ። በሃይማኖታችን ምን አገባቸው። ምሳ ሳልበላ ዋልኩ።

ከሥራ ወጥቼ የንስሐ አባታችንን ልጠይቅ ሄጄ ነበር። ሰው በዝቶባቸው ነበር። ያን ያህልም አልበዛም። እንዲያው ቆሜ ቆሜ ተመለስኩ።

ታኅሣሥ 19፣ ዓርብ

ዛሬ እነግራታለሁ ብዬ ነበር። ከእሑድ በፊት። ከነገርኳትና እሺ ካለች ለኢዮብ ሌላ ሰው ፈልግ እለዋለሁ፣ ይገባዋል። ላብ እያሰመጠኝ ሄድኩ።

መብራት የለም። በባትሪ እንጫወት አልኩ። ጽጌ ልጁን እያጠባች ውስጥ ናት፣ ኢዮብ ሱቅ ነው፤ በረንዳው ላይ ሁለታችን ብቻ። ይህ ጨዋታ ይለቅ፣ ከዚያ እላታለሁ አልኩ። አለቀ፣ አሸነፈች። አንድ ተጨማሪ አልኩ። መሐል ላይ ስንደርስ ባትሪው ጨረሰና ስክሪኑ ድርግም አለ። በዚያ ጨለማ አፌን ከፍቼ "ሐይማኖት" አልኩ። "ወዬ" አለች። ከዚያ ጽጌ ከውስጥ ተጣራች ይሁን አልተጣራች እንጃ፣ እሷ ግን ጽጌ እየጠራችኝ ነው ብላ ተነሣች።

ብርማውን ብገዛ ኖሮ ባትሪው ግማሽ ቀን ይይዝ ነበር። ሁሉም ሰው ብርማውን ብሎኝ ነበር። ደግሞ ውሸቴን ነው፤ ግማሽ ቀን ቢይዝ ግማሽ ቀን ነበር የምጫወተው።

ታኅሣሥ 21፣ እሑድ

ልጁ ክርስትና ተነሣ። ኃይለ ሚካኤል ተባለ። ወደ ምዕራብ ዞሬ ስለ እሱ ሰይጣንን ካድኩ። ወደ ምሥራቅ ዞሬ አምናለሁ አልኩ። ከውሃው ሲወጣ ተቀበልኩት፤ እጄ ላይ ጮኸ፣ ከዚያ ዝም አለ። በጣም ትንሽ ነው።

አባ ከቅዳሴ በኋላ መከሩን። ከዛሬ ጀምሮ እነዚህ ሁለት ቤቶች አንድ ሥጋ ናቸው፣ መረዳዳት እንጂ መጋባት የለም አሉ። ለሁሉም የሚሉት ነው። ሲሉት እማዬ አላየችኝም።

ግብዣው የጾም ነበር፣ ሽሮና ምስር፣ ጠላ። ሐይማኖት ጉንጬን ሦስት ጊዜ ሳመችኝና "እንኳን ደስ ያለህ ወንድሜ" አለች። ዓይኗ እንባ ነበረው። ላፕቶፑን ይዤ አልሄድኩም ነበር።

ታኅሣሥ 27፣ ቅዳሜ

ወንበሬ ላይ እንደተቀመጥኩ ኢዮብ ሆቴል መጣ። ለጥር አሥራ አንድና አሥራ ሁለት ሦስት ክፍል ያዝልኝ አለ። ለማን ነው ስለው የማይመለከተኝ ነገር እንደጠየቅኩት ጀርባውን አከከ። ለሽማግሌዎች ነው አለ። ለሐይማኖት። ተፈራ የሚባል የጀውሃ ልጅ ነው፣ ጁባ በውሃ ቦቴ ይሠራል፣ ከእሷ ጋር በስልክ ሲነጋገሩ ዓመት አልፏቸዋል፤ ለጥምቀት ይመጣል፣ ሽማግሌ ይልካል፣ ከጾመ ነነዌ በፊት ይጋባሉ። ደህና ክፍል ስጣቸው፣ ፋኑ የሚሠራ፣ አለኝ።

ፋኑ የሚሠራ ክፍል ሰጠኋቸው። ከዚያ ከጠረጴዛው ሥር ጎንበስ ብዬ ያልወደቀ ዕቃ ስፈልግ ቆየሁ።

ዓመት አልፏቸዋል። ዓመት ሙሉ እኔ አጠገብ ተቀምጣ። ያ ስልክ፣ ያ ካሜራ። እኔ ሴቶች ፎቶ ይወዳሉ ብዬ ጽፌአለሁ። ከላይ አለ፣ አልሰርዘውም።

ታኅሣሥ 28፣ እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሱቁን አስከፍቼ ኢዮብን ያዝኩት። ጓደኛ ነኝ ብለህ ልጅህን እጄ ላይ አስቀምጠህ ከእህትህ ዘጋኸኝ አልኩት። ቢያንስ በር ላይ ሂድ ብትለኝ እሄድ ነበር፤ አንተ ግን አጎትህን አስከትለህ፣ ነጠላ አጣፍተህ፣ በክርስቶስ ስም መጥተህ አሰርከኝ አልኩ። የሚጠግነውን ስልክ አስቀመጠ።

"እህቴን መቼ ጠየቅከኝ?" አለ።

"ታውቅ ነበር?"

"ሁሉም ያውቃል ሽፌ። ያልተናገርከው አንተ ብቻ ነህ። ልጄን የሰጠሁህ ስለምወድህ ነው፣ እሱን እንዳትነካብኝ። ስምህን ግን እኔ አላነሣሁም። የክርስትና አባቱ ማን ይሁን ስንል ሽፈራው ይሁን ያለችው ሐይማኖት ናት።"

ከዚያ በኋላ የተባለውን አላስታውስም። ሱቁ ውስጥ የነበረውን ወንበር ገልብጬ ወጣሁ። ከወንበሩ ጋር ምን ጠብ ነበረኝ።

ታኅሣሥ 29፣ ገና

ዶሮ ተሠራ። አልበላሁም።

ጥር 5፣ እሑድ

ሳምንት ሙሉ በመናኸሪያው በኩል አላለፍኩም፣ በመስጊዱ ዞሬ ነው ቤት የምገባው። ላፕቶፑ አልጋዬ ሥር ነው። እማዬ አንድ ቀን ልትጠርግ አውጥታ፣ አቧራውን ጠርጋ፣ መልሳ አስገባችው። እማዬ ታኅሣሥ ሰባት ቀን አስበህበት ነው ብላ ጠይቃኝ ነበር። ከዚያ በላይ ምን ትበል። እኔ እኮ ነኝ አይደርስም ብዬ ለራሴ የፈረድኩት፤ ገጹን ገልጬ አየሁት፣ አይደርስም የሚለውን ደጋግሜ ጽፌዋለሁ። የሚያምን ሰው እንዲህ አይደጋግምም።

ዛሬ ሐይማኖት ራሷ ሆቴል መጣች። እንግዳ አልነበረም። ከመቀበያው ወዲያ ቆማ፣ እኔ ከወዲህ ቆሜ አወራን። እንደ አልጋ ፈላጊ።

እኔ ነኝ ያልኩት አለች፣ ኢዮብን አትጥላው። ለምን አልኳት።

"ልትጠይቀኝ እንደሆነ አውቅ ነበር" አለች። "በየቀኑ ዛሬ ይላል እያልኩ እፈራ ነበር። እምቢ ብልህ ትሄዳለህ፣ ሁለተኛ አትመጣም። ወንድሜ ከሆንክ ግን አላጣህም አልኩ።"

"ሳልጠይቅሽ እምቢ አልሽኝ" አልኳት። "ያውም በእኔ አፍ። ቤተ ክርስቲያን አቁመሽ በገዛ አፌ።"

አለቀሰች። እኔም ቁልፎቹን በየመስቀያቸው ሳደርግ ቆየሁ፣ ሁሉም በየቦታቸው ነበሩ። ሌላ ሰው ብትወድ ኃጢአት አልነበረውም። ሌላ ሰው አለኝ ማለት ሦስት ቃል ነው። ያንን ሦስት ቃል ላለመናገር አንድ ሕፃን፣ አንድ ቄስና አንድ መንደር አሰለፈችብኝ። ይህን አላልኳትም፣ እዚህ ነው የምለው።

ስትሄድ "ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ከእኛ ጋር ትቀመጣለህ አይደል?" አለችኝ። የቤተ ዘመድ ቦታ ማለቷ ነው። አዎ አልኩ። ምን ልበል። ክርስትና ያነሣ ሰው ቀርቶ ጎረቤትም አይቀር። ከሄደች በኋላ ትንሽ ቀለለኝ። ማለት አላጣህም ያለችው እውነቷን ይመስለኛል። ጥቂት እውነት አለበት። እነዚያን ማታዎች ትወዳቸው ነበር ማለት ነው፣ ሁሉም ውሸት አልነበረም።

ጥር 12፣ እሑድ

ሽማግሌዎቹ መጡ። በልጅቷ ወገን ከአጎቷ ቀጥሎ ተቀመጥኩ። አንዱ የወንዱ ወገን ሽማግሌ ወደ እኔ ዞረው እርስዎስ ለልጅቷ ምኗ ነዎት አሉ። እርስዎ ያሉኝ ለወግ ነው፣ በሃያ ዓመት ይበልጡኛል። ወንድሟ ነኝ አልኩ። እሰየው አሉ። ልጅቷ ተሰጠች።

ጥር 13፣ ሰኞ

ተፈራ ሆቴላችን ነው ያረፈው። ክፉ ሰው እንዲሆን ስንት ጸልዬአለሁ፣ ክፉ አይደለም። ፀሐይ ያከሰለው፣ ሲያወራ ዓይን ዓይን የሚያይ፣ አስተናጋጆቹን ስማቸውን የሚጠይቅ ሰው ነው። ዛሬ ከምሳ በኋላ አንድ ካርቶን አቅፎ ወደ መቀበያው መጣና ወንድሜ፣ አንድ ነገር ቸግሮኝ ነበር አለኝ።

ላፕቶፕ ነው። አዲስ። ለሐይማኖት ስጦታ ነው፣ ገና አልሰጣትም። ከፍቶ አዞረልኝ። አየሁት። የግራፊክስ ካርዱ ምልክት ክዳኑ ሥር ተለጥፏል፣ ያ መሐንዲስ የነገረኝ፣ እስከ ቁጥሩ። ራሙ አራት። ስክሪኑ ሰፊ። ካሜራ ከላይ።

ጥሩ ነው አልኩት። ማን መረጠልህ አልኩ።

ሳቀ። "እኔ በቦቴ እንጂ በዚህ ምን አውቃለሁ" አለ። "እሷ ናት በስልክ የምትነግረኝ። ህዳር ሙሉ ማታ ማታ ትደውላለች፣ ካርዱ እንዲህ ይሁን፣ ሜሞሪው እንዲህ ይሁን። ጁባ ያለው ሻጭ ማን አስተምሮህ ነው ብሎ ተገረመ። አንድ ወንድም አለኝ፣ እሱን ጠይቄ ነው አለችኝ። አንተ ነህ መሰለኝ።"

እኔ ነኝ አልኩት።

አመሰገነኝ። ከልቡ፣ እጄን በሁለት እጁ ይዞ። እኔ በሻይ ያገኘሁትን፣ እየሮጥኩ ወስጄ የነገርኳትን፣ ድገምልኝ ያለችኝን፣ ሁሉንም ያውቃል። ያን ጊዜ ያዳመጠችኝ ለእሱ ነበር። ጥር አምስት ቀን ጥቂት እውነት አለበት ብዬ የጻፍኩት አለ። እሱንም አልሰርዘውም፣ ግን ስህተት ነው።

የሚፈልገው ጌሙን ነው። የኳሱን። እሷ የምትወደውን ጫንልኝ አለ፣ ስትከፍተው እንድታገኘው። የለኝም ብለው ያምነኝ ነበር። ቤት ሄጄ ከአልጋው ሥር ላፕቶፔን አውጥቼ በፍላሽ ገልብጬ መጣሁ። ጫንኩለት። እንዴት እንደሚጫወቱት አላውቅም አለ፣ እኔ ስሸነፍ ሰልችቷት እንዳትተወኝ ብሎ ቀለደ። ወንበር ሳብኩለት። የትኛው ቁልፍ ያቀብላል፣ የትኛው ይመታል፣ አሳየሁት። መጀመሪያ ጣቱ አልታዘዝ አለው፣ ትልቅ መሪ የለመደ እጅ ነው። አሥር ለባዶ አሸነፍኩት፤ እኔ፣ በሕይወቴ አሸንፌ የማላውቀው ሰው። ደስ አላለኝም።

ላፕቶፑን ካርቶኑ ውስጥ እየመለሰ፣ ስትጫወቱ እሷ በየት በኩል ነው የምትቀመጠው ብሎ ጠየቀኝ። በግራ ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እሷ በቀስት ቁልፎቹ ነው የምትጫወተው፤ በግራ ከተቀመጠች ክርኗ ይጠብባታል፣ ትነጫነጫለች፣ ጨዋታው ይሰለቻታል፣ ለምን እንደሆነም እሱ መቼም አያውቅም። መልስ እየጠበቀ አየኝ።

"በቀኝ" አልኩት። "ቀስቶቹ በዚያ በኩል ናቸው።"